ምዕራፍ አምስት፦ የጓሮ ክፍሎች

ጅማ ውስጥ የሚከራይ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላ ነው፤ ደላላው የሚወስደው ደግሞ ወደ ጓሮ ነው። በቾ ቦሬ ይሁን ሂርማታ መርካቶ፣ መንደራ ይሁን ጅሬን፣ የግቢው በር ተከፍቶ በባለቤቱ ቤት ጎን ሲታለፍ ከኋላ በአንድ መስመር የተሰለፉ በሮች ይታያሉ፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስምንት። ግድግዳቸው ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። መጸዳጃው የጋራ፣ ቧንቧው አንድ፣ የመብራት ቆጣሪውም በአከራዩ ስም ነው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ የሚኖር ተማሪ፣ አዲስ የተመደበ መምህር፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ወጣት፣ በቡና ለቀማ ወቅት ከሌላ ወረዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ የሚያድሩት እዚህ ነው። ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ የቡ ብትሄዱም የምታዩት ይህንኑ ነው። ቡናው ሲደርስ ክፍሎቹ ይሞላሉ፤ ኪራዩም ይወጣል።

እነዚህን ክፍሎች ያቀደ መሥሪያ ቤት የለም። ለግንባታቸው የባንክ ብድር አልተሰጠም። ብዙዎቹ የግንባታ ፈቃድ ስለሌላቸው በሕግ ዓይን የሉም። የከተማዋን ቤት ፈላጊ ተሸክመው የሚያሳድሩት ግን እነሱ ናቸው። መንግሥት ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ቤት ለማብዛት ብዙ ሞክሯል፤ የታችኛውን አስተዳደር ውሳኔ እየሻረ፣ የገበሬን ማሳ እየወሰደ፣ ፎቅ እየደረደረ። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው በዚያ ሁሉ ጥረት ውስጥ የጓሮ ክፍሎቹ ለምን ቦታ እንዳጡ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከባሕር ማዶ መጀመር ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ቤት እጥረት የሚወራው አብዛኛው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። በአሜሪካ በየትኛው ቦታ ምን ይሠራ የሚለውን የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው። አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ በሆነው ልማድ አብዛኛው የመኖሪያ መሬት ለአንድ ቤት፣ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ተከልሏል። ቤት ያለው ሰው በምርጫ ድምፅ ይሰጣል፣ በስብሰባ ይገኛል፣ ጎረቤቱ ባለ አራት ቤት ሕንፃ ሊያቆም ሲል ይቃወማል። ቤት ፈላጊው ገና ወደ ሰፈሩ ስላልገባ በዚያ ስብሰባ ላይ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ቤት ይጠፋል፤ ዋጋውም ይንራል። በሲያትል፣ በፖርትላንድና በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሁለት ሥራ እየሠሩ ኪራይ የሚገፉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

መፍትሔ ተብሎ የተያዘው ከከተማው በላይ ያለው ግዛት ጣልቃ እንዲገባ ማድረግ ነው። ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ሕግ፣ ከቤቶቹ 10 በመቶ ያህሉ እንኳ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ባልሆነበት ከተማ ፈቃድ የተነፈገ ገንቢ ለግዛቱ አካል ይግባኝ እንዲል ፈቀደ። ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ2019 ከ10 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ቤት መከልከል እንዳይችሉ አደረገች፤ ካሊፎርኒያ በ2021፣ ዋሽንግተን ግዛት በ2023 ተከተሉ። በኒው ዚላንድ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 አብዛኛው የመኖሪያ መሬቷ ተጨማሪ ቤት እንዲይዝ ፈቀደች፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የግንባታ ፈቃድ ቁጥሯ በእጥፍ ያህል አደገ። ጃፓን ደግሞ ከመጀመሪያውም የመሬት አጠቃቀም ዓይነቶችን በአገር አቀፍ ሕግ ወስና ለከተሞች የምትተወው ከዝርዝሩ መምረጥን ነው፤ ትንሽ ሱቅና የኪራይ ሕንፃ በመኖሪያ ሰፈር መሥራት እዚያ ነውር አይደለም።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ከታች ያለው እንቢ ይላል፣ ከላይ ያለው ይሽረዋል። ይህንን አስተሳሰብ እንዳለ ወደ ጅማ ብናመጣው ግን የምንሽረው ሰው አናገኝም። በቾ ቦሬ ውስጥ ጎረቤት በጎረቤቱ ግንባታ ላይ ያለው ሥልጣን ከወሰን ክርክር አያልፍም። ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል የሚጨምርን ሰው ጎረቤቱ አይከሰውም፤ እሱም ነገ ያንኑ ያደርጋልና። እንቢታው የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ሕጉን የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፤ ለነዋሪው የሚያድለው የከተማው አስተዳደር ነው። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ የታችኛው ፕላን ከላይኛው ጋር እንዲጣጣም ያዝዛል። ለእያንዳንዱ ከተማ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል መዋቅራዊ ፕላን ይዘጋጃል፤ ከሥሩም የአካባቢ ልማት ፕላን። የመሬቱ ባለቤት፣ የፕላኑ አዘጋጅ፣ የፈቃዱ ሰጪ፣ የአፍራሽ ግብረ ኃይሉም ላኪ አንድ ወገን ነው። በአሜሪካ ክርክሩ በመንግሥትና በባለ ቤቶች መካከል ነው። እኛ ዘንድ መንግሥት የሚሽረው የራሱን ሕግ ካልሆነ የገበሬውን ይዞታ ነው።

ይህ እንዴት እንደመጣ ጅማን ይዞ መናገር ይቻላል። በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን ሁለት ማዕከሎች ነበሩ፤ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ከፍታው ጅሬን፣ ገበያው ያለበት ዝቅ ያለው ሂርማታ። ነጋዴ ከየአቅጣጫው ወደ ሂርማታ ይመጣል፤ ማደሪያ የሚሠራው በራሱ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ጅማን በደቡብ ምዕራብ ላቋቋመው አስተዳደር መቀመጫ አደረጋት፤ ከላይ የተሠመረ ፕላንም ይዞ መጣ። የፋሺስቱ የከተማ ፕላን መርሕ ነጩን ከአገሬው መለየት ነበር። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ አለ። በቦታው ሳይኖሩ ስለ ቦታው መወሰን በዚያ ጊዜ ሥር ያዘ ብዬ አምናለሁ፤ ጣሊያን ቢወጣም ልማዱ አልወጣም።

ትልቁ ለውጥ ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑን በአዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ ቦታው ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ከዚያ የተረፈው ይወረሳል። ወርኃዊ ኪራዩ 100 ብርና ከዚያ በታች የሆነው ለቀበሌ፣ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። በዚያ ቀን በኪራይ ይኖሩ ለነበሩት ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ የባለርስቱን ፊት ሳያዩ በርካሽ ቤት መኖር ጀመሩ። ይህንን ማቃለል አይገባም። በብዙ ቀበሌ ቤቶች ሦስት ትውልድ ያደገው በዚያ አዋጅ ነው።

ሆኖም አዋጁ ቤት ማከራየትን ለግለሰብ ከለከለ። ለኪራይ ብሎ ክፍል መሥራት ትርጉም አጣ፤ የተጀመረውም ባለበት ቆመ። ቀበሌዋ የምትሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም፤ ተከራዩ ደግሞ ያለ ቀበሌ ፈቃድ ግድግዳ ማደስ አይችልም፣ ቢፈቀድለትም የሚያድሰው የራሱን ንብረት አይደለም። ሰዉ እየበዛ ቤቱ ባለበት ቀረ። የጅማ ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 88,867፣ በ1999ኙ 120,960 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ቀበሌ ቤቶቹ ግን ያው በ1967 የተወረሱት ናቸው።

ሕዝቡ ያኔውኑ መላ አበጀ። ደባል ተባለ፣ ዘመድ ነው ተባለ፣ የሠራተኛ ቤት ነው ተባለ። በጓሮ የጭቃ ክፍል ተሠራ። ኪራይ በሕግ ከመፈቀዱ በፊት ጓሮው ፈቅዶት ነበር።

ከደርግ በኋላ ሊዝ መጣ። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986 ወጣ፤ በ1994 ተሻሻለ። በኅዳር 2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው። የከተማ መሬት ከሊዝ ውጭ ማግኘት አይቻልም አለ፤ መንገዱ ጨረታ ወይም ምደባ ብቻ ሆነ። ለመኖሪያ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም። ነባር ይዞታም ቀስ በቀስ ወደ ሊዝ እንዲገባ ተወሰነ። ያለ ፈቃድ የከተማ መሬት ያጠረ፣ የገነባ፣ ከሕጋዊ ይዞታው ጋር የቀላቀለ ከ7 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ተጻፈ። አንድ ሰው አጥሩን ሁለት ሜትር ገፍቶ ክፍል ቢሠራ በሕጉ ፊት ከከባድ ወንጀለኛ ጋር ይሰለፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት በየቀኑ ተፈጻሚ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የሚተርፈው ፍርሃቱና በፍርሃቱ ላይ የሚደራደረው ሰው ነው።

የሊዙ ሐሳብ በራሱ መጥፎ አይደለም። ከመሬት የሚገኘው ገንዘብ ለመንገድና ለውኃ ይውላል ተብሎ ነው። ችግሩ ከተማው መሬቱን አዘጋጅቶ፣ ካሳ ከፍሎ፣ ሸንሽኖ እስኪያወጣ ድረስ ማንም ሌላ ሰው ሕጋዊ ቦታ ማቅረብ አለመቻሉ ነው። መንገዱ አንድ ጠባብ በር ነው፤ በሩ ላይ ያለው ሰልፍ በረዘመ ቁጥር የመግቢያው ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው በወጣ ቁጥር ደግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ በሩን የማስፋት ጉጉት ይቀንሳል። የከተማው በጀት በከፊል የቆመው በዚያ ሰልፍ ላይ ነውና። አሜሪካዊው ቤት ያለው ሰው የቤቱ ዋጋ እንዳይወርድ ሲል አዲስ ቤት ይቃወማል አልን፤ በእኛ ከተሞች ያንን ቦታ የያዘው ራሱ ሻጩ መንግሥት ነው።

መንግሥትም ይህንን እጥረት አላየም ማለት አይቻልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አርከበ ዕቁባይ አዲስ አበባን በሚመሩበት ጊዜ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ በገርጂ የተሞከረው የዝቅተኛ ዋጋ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ፕሮግራም አደገ። ዕቅዱ በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት ነበር፤ እስከ 2002 ድረስ የተሠራው ወደ 171 ሺህ ነው። ከዕቅዱ ግማሽ እንኳ ባይደርስም ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ መጠን ቤት ሠርቶ አያውቅም። 30 በመቶው በዕጣ ለሴቶች ቅድሚያ ተይዞ ነበር። ብዙ እናቶች በስማቸው ካርታ ያገኙት በዚያ ነው፤ እኔ የዚህ ፕሮግራም ታላቁ ውጤት ይህ ነው እላለሁ።

በ1998 ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞች ወጣ፤ ጅማም ደረሰው። አራት አምስት ዓመት ሳይሞላ ግን በክልሎች ቆመ። ፈላጊ አነሰ፣ ዋጋው አልተቻለም ተባለ። ለዚህ የምሰጠው ምክንያት ከዕጣና ከብድር የሰፋ ነው። በቡና ከተማ ውስጥ ቤት መኝታ ብቻ አይደለም። ግቢው ጀንፈል የሚሰጣበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ እንሰትና ጎመን የሚተከልበት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅ ሲያድግ ወይም ገንዘብ ሲቸግር ክፍል የሚጨመርበት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ላይ ክፍል አይጨመርም። ለአዲስ አበባ የተነደፈ ሕንፃ ልክ ነው ተብሎ ወደ ክልል ከተሞች ተላከ፤ ሲቀበሉም ሲቆምባቸውም ውሳኔው የእነሱ አልነበረም።

አዲስ አበባ ላይ ግን ፈላጊው እየበዛ ሄደ። በ2005 በተደረገው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ይህን ሁሉ የሚይዝ ቦታ በከተማዋ ወሰን ውስጥ አልነበረም። እዚህ ላይ ከላይ ሆኖ መሻር በኢትዮጵያ ምን እንደሚያስከትል ታየ።

በ2006 የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሆነ። ባለሙያዎቹ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ውኃው፣ ቆሻሻው፣ መንገዱ፣ ፋብሪካው ወሰን አያውቅም፤ ተለያይቶ ማቀድ አይቻልም። ይህ እውነት ነው። ግን ፕላኑ የሚያርፍባቸው ገበሬዎች የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለአበባ እርሻ፣ ለፋብሪካ፣ ለሪል ስቴት ተብሎ የተነሣው ጎረቤታቸው ምን እንዳገኘ አይተዋል። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ መሠረት የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር፤ ያው መሬት በሊዝ ሲወጣ የሚያመጣውን ገንዘብ ገበሬው በዓይኑ ያያል። በሚያዝያ 2006 ከአምቦ እስከ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ እንደገና ተቀሰቀሰና ኦሮሚያን ሁሉ አዳረሰ። ብዙ ሰው ሞተ። በጥር 2008 ክልሉን ይመራ የነበረው ፓርቲ ኦሕዴድ ፕላኑ መሠረዙን አስታወቀ፤ ተቃውሞው ግን ከፕላኑ አልፎ ሄዶ ነበር።

ጉዳዩ በዚያ አልተዘጋም። የካቲት 27 ቀን 2011 አዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየሞችን በዕጣ ስታስተላልፍ፣ ከእነሱ ውስጥ በኮዬ ፈጬ ያሉት የቆሙት በኦሮሚያ ወሰን ነው የሚል ክርክር ተነሣ፤ በክልሉ ከተሞች ሰልፍ ወጣ። ለዓመታት የቆጠበው ባለ ዕጣ በአንድ ወገን፣ ከማሳው የተነሣው ገበሬ በሌላ ወገን ቆመው ሁለቱም ተበዳይ ነበሩ። በ2015 ደግሞ የኦሮሚያ ክልል በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች አንድ አድርጎ ሸገር ከተማን መሠረተ። በዚያ ዓመት በርካታ ቤቶች ሕገወጥ ተብለው ፈረሱ፤ ብዙዎቹ ከገበሬ በውል ተገዝቶ በተያዘ ቦታ ላይ ለዓመታት የተኖረባቸው፣ መብራትም የገባላቸው ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የማፈናቀሉን አካሄድ ነቅፏል።

ከእነዚህ ሦስት ክንውኖች አንባቢው እንዲይዝልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በሦስቱም ከላይ ያለው አካል የታችኛውን ሽሯል፤ ፌዴራሉና ከተማው ክልሉን፣ ክልሉ ትንንሾቹን ከተሞች። በሦስቱም ግን ቤት የሚሠራበትን ደንብ የነካ የለም። የተነካው መሬቱና መሬቱ ላይ ያለው ሰው ነው። የካሊፎርኒያው ሕግ ለባለ ይዞታው፣ በራስህ ቦታ ሁለተኛ ቤት ብትሠራ ከተማው አይከለክልህም ይለዋል። የእኛ ለባለ ይዞታው የሚለው ተነሣ ነው። የካሳ አዋጁ በ2011 ተሻሽሎ በዘላቂነት ለሚነሣ ገበሬ አሥራ አምስት እጥፍ እንዲከፈል መደረጉ መልካም ነው፤ ለቡና ገበሬ ግን ከችግኝ እስከ ምርት ሦስት አራት ዓመት የጠበቀውን ማሳ ማጣት በማባዛት ብቻ የሚመለስ አይደለም።

አሁን ወደ ደንቡ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። በአሜሪካና በኒው ዚላንድ የተሻረው ሕግ ከዚህ በላይ አትሥራ የሚል ነበር። የእኛ ከተሞች ፕላን በብዙ ቦታ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ከዚህ በታች አትሥራ። በዋና መንገድ ዳር ዝቅተኛው ከፍታ ይወሰናል። እዚህ ጂ ፕላስ አንድ፣ እዚያ ጂ ፕላስ ሁለት፣ አስፋልቱ ሲሰፋ ከዚያም በላይ። በሊዝ በወጣ ቦታ ላይ ደግሞ ብሎኬትና ኮንክሪት ይጠበቃል። ሐሳቡ ከተማዋ እንድታምር፣ ውድ መሬት በጭቃ ቤት እንዳይያዝ ነው።

በተግባር የሚሆነውን እናስብ። በቾ ቦሬ ውስጥ ነባር ይዞታ ያላት አንዲት እናት አለች እንበል። ቤቷ ያለበት መስመር በአዲሱ ፕላን ፎቅ ተብሏል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ማደስ ስትጠይቅ ቦታው ለልማት የተያዘ ነውና በፕላኑ መሠረት ገንቢ ትባላለች። በፕላኑ መሠረት ለመገንባት የአፈር ምርመራ፣ የስትራክቸር ዲዛይን፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶና ባለ ደረጃ ተቋራጭ ያስፈልጋል። ይህ ከእሷ አቅም ውጭ ነው፤ ባንክም ለእሷ አያበድርም። ያላት ምርጫ ሦስት ነው። ቦታዋን አቅም ላለው ሰጥታ ወደ ዳር መውጣት፣ የሚያፈሰውን ይዞ መቀመጥ፣ ወይም ሌሊት ሌሊት ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ማቆም። አብዛኛው ሰው ሦስተኛውን ይመርጣል። በዚህ ምክንያት በብዙ ከተሞቻችን ዋናው መንገድ ዳር ታጥሮ የተቀመጠ ባዶ ቦታና በጅምር የቀረ ፎቅ ይታያል፤ ከኋላው ደግሞ ሰው ተጣብቦ ይኖራል። ፎቅ የሚያዝዝ ሕግ ፎቅ አላመጣም፤ ያመጣው በድብቅ የሚሠራ ክፍል ነው።

በድብቅ የተሠራ ክፍል ደግሞ መጥፎ ክፍል ነው። የሚሠራው በጥድፊያ ስለሆነ የድንጋይ መሠረት የለውም፤ መስኮት ዓይን ይስባል ተብሎ ይተዋል። ነገ ሊፈርስ ይችላል ተብሎ ልስን አይለሰንም፣ ሲሚንቶ ወለል አይፈስስም። ሳይንሱ ጭቃ ቤትን አይጠላም። በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ ጣሪያው ወጣ ብሎ ከዝናብ የሚከልለው፣ በየጊዜው የሚለሰን ጭቃ ቤት በጅማ ዝናብ እንኳ ብዙ ዓመት ይቆያል። የሚጎዳው ጭቃው ሳይሆን ጥበቃና እድሳት መከልከሉ ነው።

በቅርብ ዓመታት ሁለት ነገሮች ተጨምረዋል። አንዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተዳረሰው የኮሪደር ልማት ነው። የጅማ መንገዶችና የአዌቱ ወንዝ ዳርቻም ገጽታቸው ተለውጧል፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ታድሷል። የእግረኛ መንገድና ጽዱ የወንዝ ዳር ለከተማዋ ሕዝብ ይገባዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ቤት በሚፈርስበት ጊዜ ግን ካሳው የንብረቱ ባለቤት ነው፤ የቀበሌ ቤት ተከራይም ምትክ ይጠይቃል። ከጓሮ ክፍል ውስጥ የነበረው የግለሰብ ተከራይ በየትኛውም መዝገብ የለም። አንድ ግቢ ሲነሣ አምስት ቤተሰብ ሊነሣ ይችላል፤ የሚቆጠረው አንድ ነው።

ሌላው በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣ ተመን እንዲገደብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም እንዲመዘገብ ያዝዛል። በየሦስት ወሩ ጨምር ሲባል ለኖረ ተከራይ ይህ ትልቅ መከለያ ነው። የጓሮ ክፍል ያለው አከራይ ግን ውል ላስመዝግብ ብሎ ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቤቱ ነው። የክፍሉ ፈቃድ የት አለ ቢባል መልስ የለውም፤ ስለዚህ አይሄድም። ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ተከራይ በብዛት ያለው ሕጉ በማያየው ክፍል ውስጥ ነው።

በእኔ እምነት ከላይ መሻር ካስፈለገ የሚሻረው ይህ ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ክልሉ ለከተሞቹ አንድ ግልጽ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ሕጋዊ ይዞታ ያለው ሰው በቦታው ላይ እስከ ተወሰነ ቁጥር ድረስ ባለ አንድ ደርብ ክፍሎችን፣ በብሎኬትም ሆነ በተሻሻለ ጭቃ ቤት፣ ለክፍለ ከተማው አስታውቆ ብቻ ይሥራ። የፎቅ ግዴታ በዋናው መንገድ ግንባር ላይ ይቅር፤ ከጀርባው አይድረስ። እስካሁን የተሠሩት ክፍሎች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይመዝገቡ። ይህ የአንድንም ገበሬ ማሳ አይወስድም፣ ካሳም አያስከፍልም፣ ባለ ይዞታውን ይዞ የሚሠራ ነው። የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ ያደረገችው በመሠረቱ ይህንን ነው፤ ዳርቻዋን ብቻ ከማስፋት ያሉት ግቢዎች ተጨማሪ ሰው እንዲይዙ ፈቀደች።

ከተማዋ ወደ መጥፎ መንደርነት ትለወጣለች የሚሉ አሉ፤ አብዛኞቹ ከልባቸው የሚናገሩ ባለሙያዎች ናቸው። ክፍሎቹ ግን ዛሬም አሉ። የሚለወጠው ነገር ቢኖር መርማሪ ሊያያቸው መቻሉ ነው። መርማሪው ሲመጣ ምን ይመልከት የሚለው ነው ትክክለኛው ጥያቄ፤ መልሱም ከፎቅ ብዛት ጋር አይገናኝም። በጅማ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፤ ዝናቡ ብዙ ነው። መጸዳጃው በአብዛኛው ጉድጓድ ስለሆነ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ጉድጓዱ ይሞላል፣ ክረምት ሲገባ ፍሳሹ ወደ ጎረቤት የውኃ ጉድጓድና ወደ አዌቱ ይሄዳል። ስለዚህ መርማሪው አራት ነገር ይይ። ጉድጓዱ ለስንት ሰው ይበቃል፣ መጣጭ መኪናስ ሊደርስበት ይችላል ወይ፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚከፈት መስኮት አለው ወይ፤ ማብሰያው ከመኝታው ተለይቷል ወይ፤ እሳት ቢነሣ ከመጨረሻው ክፍል ሰው በየት ይወጣል። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው መለኪያ ሜትር፣ መመዝገቢያ ደብተርና ከግቢ ግቢ የሚዞር የቀበሌ ባለሙያ ነው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከቤት ቤት መዞርን ደግሞ ቀበሌዎቻችን ከጀመሩት ቆይተዋል።